ከደጅ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ደጅ

የወንድሜ ሚስት አመለወርቅ በደለችኝ። በልጇ ሠርግ፣ ዳስ ሙሉ ሰው እያየ፣ ከደጅ አንስታ ጓዳ ከተተችኝ። ነገሩን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል፤ ሌላው ሰው የማያዳላ መስሎ ለእሷ ያደላል፣ እኔ ግን በግልጽ ለራሴ ነው የማደላው።

ድግስ የሚበላሸው በምን ይመስላችኋል? በወጥ? ወጥ ቢቀጥን ሰው አጥቅሶ ይበላዋል። በጠላ? ጠላ ቢጎመዝዝ ሰው ፊቱን አጨማዶ ይጠጣዋል፤ ሁለተኛውን ሲደግም ማጨማደዱንም ይረሳዋል። ድግስ የሚበላሸው በደጅ ነው። እንግዳ ከዳሱ አፍ ደርሶ «ይግቡ» የሚለው አጥቶ፣ ያልወደቀ ጋቢውን ደጋግሞ ሲያነሳ፣ ስልኩን አውጥቶ ያልተደወለለትን ሲያይ፣ ያን ጊዜ ድግሱ አለቀለት። በጉም ዶሮውም በከንቱ ሞቱ።

ስለዚህ በእኛ አገር፣ የመንዟን ሞላሌንና ዙሪያዋን ማለቴ ነው፣ ደጅ የሚቆም ሰው እንዲሁ አይቆምም፤ ይመረጣል። እንግዳውን እጁን ይዞ ያስገባል፣ ዕድሜና ወገን እያየ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ደጁ ላይ ይቆማል። «ተመልሶ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ፤ ማስገባትማ በርም ያስገባል።

እኔ ይህን ሥራ ከኮረዳነቴ ጀምሮ ሠርቼዋለሁ። ማን ከማን ጋር በወሰን እንደተካሰሰ አውቃለሁ፤ አንድ ማዕድ ላይ አላገናኛቸውም። የነፍስ አባቱ አጠገብ ሲቀመጥ ጉሮሮው የሚዘጋው ማን እንደሆነም አውቃለሁ፤ እሱን ሆን ብዬ እዚያው አስቀምጠዋለሁ። ሥራ ያለ ትንሽ ደስታ አይገፋም።

አሁን ስለ ሕዋስ ላውራችሁ። ሠርግና ሕዋስን ምን አገናኛቸው አትበሉኝ፤ ያገናኘቻቸው ሙሽራዋ ናት። ትዕግሥት፣ የወንድሜ የተፈራ ልጅ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። የወላጆቿ ቤት ከከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ደረጃን የተማረችው ሞላሌ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነው። እሷ መጽሐፏን ስትዘጋ እኔ እከፍተው ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በስርቆት ነው፤ ተፈራ የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ሀሁ ሲል፣ እኔ ከአጥር ወዲያ የበግ ፀጉር እየፈተልኩ ከእሱ ቀድሜ እጨርሰው ነበር። ዛሬ የገዛ ልጁን የሠርግ ጥሪ ወረቀት ያስነበበው እኔን ነው። እግዜር ሲቀልድ እንዲህ አድርጎ ነው።

ታዲያ ትዕግሥት ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ጥያቄ አበዛሁባትና፣ የሕዋስን ነገር በአማርኛ በደብተር ጽፋ ሰጠችኝ። ያን ደብተር የማላነበው ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ሁለት ጊዜ በነጠላዬ ሸፍኜ ይዤው ሄጃለሁ።

ሕዋስ ማለት ሰውነታችን የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ትንሽ ቤት ነው። ቤት ከሆነ ደጅ አለው። ደጁ ላይ ደግሞ ተቀባዮች ቆመዋል። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ሊቃውንቱ ናቸው ተቀባይ የሚሏቸው። በደም የሚመጣውን እንግዳ፣ ስብ በሉት ብረት በሉት፣ እያንዳንዱ ተቀባይ የራሱን ለይቶ እጁን ይይዛል። ከዚያ ደጁ ራሱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ እንደ ከረጢት አፉን ይቋጥራል፣ ተቀባይና እንግዳ ተቃቅፈው ይገባሉ። እስቲ አስቡት፤ የዳሱ ሸራ እኔንና አንድ የሞጃ ሽማግሌ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ሲጎትተን!

መጀመሪያ ሳነበው የደነገጥኩት እዚህ ላይ ነው። ተቀባዩ አብሮ ከገባ ደጅ ማን ቀረ? ሮጬ ትዕግሥትን ጠየቅኋት። ሳቀችና፣ እትዬ፣ ሳይንቲስቶቹም ሲመራመሩ የኖሩት ይህንኑ ነው አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ራሴን ከሊቃውንቱ ነጥዬ አይቼ አላውቅም።

መልሱ እንዲህ ነው። ከረጢቱ የሚደርሰው አንድ መለያ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ጎምዘዝ ያለ ነው። ጎምዛዛው ሲነካው የስብ ተቀባዩ እጁን ይለቃል። እጁን የለቀቀ ተቀባይ በቀጭን ቱቦ ሾልኮ ወደ ደጁ ይመለሳል፣ ሌላ እንግዳ ይይዛል፣ እንዲህ ሲገባ ሲወጣ ይውላል። እንግዳው ግን ከዚያ ወደ ባሰበት ጎምዛዛ ክፍል ይወርድና ተፈጭቶ ለቤቱ ምግብ ይሆናል። በእኛ ድግስ እንግዳው በይ ነው፤ በሕዋስ ድግስ እንግዳው ተበይ ነው። የትኛው ድግስ እንደሚያዋጣ ዘንድሮ የዳረ ሰው ይንገራችሁ።

ሁሉም ተቀባይ ታዲያ አይመለስም። እንግዳ በያዘ ቁጥር ወደ ቤቱ ዞሮ «እደጉ! ተባዙ!» እያለ የሚጮኽ ዓይነት አለ። ከገባም በኋላ አያርፍም፤ ከረጢት ውስጥ ተቋጥሮም ይጮኻል። እንዲህ ያለውን ዝም ብለው ደጅ ቢመልሱት፣ ቤቱ ያለ ልክ ሲያድግ ሲያድግ በሽታ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ምልክት ይለጠፍበታል። መለያ ክፍል ያሉት ምልክቱን ያያሉ፣ ጠቅልለው ወደ ውስጠኛው ከረጢት ይሰዱታል፣ ከእንግዳው ጋር አብሮ ይፈጫል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ፣ ይበለው፣ ማን ጩህ አለው ብዬ ነበር። ፍርድ እኮ በሰው ላይ ሲሆን እንደ ገብስ ቆሎ ነው፤ እየቆረጠሙ ይሰጡታል። ደግነቱ ምልክቱን የሚፍቁም አሉ። ደርሰው ከፋቁለት ይተርፋል፤ ካልደረሱለት አለቀ።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። በደም ውስጥ የሚዞር አንድ ሙጥኝ ባይ አለ። የስብ ተቀባዩን ክንድ ይይዝና ጎምዛዛው ክፍል ገብቶም አይለቅም፤ እንዲያውም በጎመዘዘ ቁጥር እጁን ያጠብቃል። ምስኪኑ ተቀባይ መመለስ እየፈለገ መመለሻ ያጣል፣ ከሙጥኝ ባዩ ጋር አብሮ ይፈጫል። ደጁ ሲራቆት ስቡ የሚያስገባው አጥቶ በደም ሥር ውስጥ ይንከራተታል፣ ግድግዳው ላይ ይጋገራል፣ መጨረሻው ልብ ላይ ይደርሳል። የአንድ ሰው እጅ አለመልቀቅ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያመጣው።

ወደ በደሌ ልመለስ።

ሠርጉ ጥር ላይ ነበር። የጥር ውርጭ እኛ አገር ቀልድ አያውቅም፤ ጠዋት ሜዳው ሁሉ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። አመለወርቅ ዘንድሮ ሥልጣኔ አመጣች። ስሟን ያወጡላት ሰዎች፣ በነገራችን ላይ፣ ትንሽ ተቻኩለዋል፤ አመሏ ወርቅ መሆኑ እስኪጣራ ቢቆዩ ምን ነበረበት? ደጅ የሚቆሙት አራት የማኅበሯ ሴቶች ይሆናሉ አለች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥልፍ ለብሰው። እኔ አምስተኛ ሆንኩ። ጥልፉ የተሰፋው ለአራት ብቻ ነው። ገባችሁ አይደል?

እኔም ገብቶኝ ነበር፤ ለትዕግሥት ስል ዋጥሁት። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ መጣች። ጥሪው የተጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ እሷ ሰባት ሆና መጣች። እኔ በፈገግታ ተቀብዬ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ የቀረው የቀበሌው ሰው ከኋላ እየመጣ ነው? አልኳት። ሳቅሁ እንኳ። እሷ አልሳቀችም። ለካ የአመለወርቅ ታላቅ እህት ናት! ከስንት ዘመን በፊት አንድ ጊዜ ነው ያየኋት፤ ያን ጊዜ ፀጉሯም እንደ ሰው ጥቁር ነበር። ምን ይደረግ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ብዙም አልቆየ፣ አመለወርቅ ሽርጥ ይዛ መጣች። የሽንኩርት ውሃ የጠገበ ሽርጥ። እቴ፣ ደክሞሻል፣ አንቺ ጓዳ ገብተሽ ጋኑን ጠብቂ፣ ደጅ ስትቆሚማ ሰው ይሸሻል አለችኝ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። ከዚያም ሽርጡን በአዲስ ቀሚሴ ላይ ከኋላዬ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ሽርጥ የታሰረባት ሴት ደጅ ብትቆም ማንም እጁን አይሰጣትም፤ «ወጥ ጨምሪ» ነው የሚላት። ያን ጊዜ ደብተሩ ውል አለኝ። ምልክት ተለጠፈብኝ! «ይበለው» ያልኩት ጩኸታም እኔው ሆኜ ቁጭ!

ተፈራን አየሁት። ወንድሜ ነው፣ አንድ ጡት ነው የጠባነው። እሱ የዳሱን ምሰሶ አየ።

ጓዳ ገባሁ። ከጋኑ አጠገብ የዳሱ ሸራ ቀዳዳ ነበረው፤ በእሱ አሻግሬ አያለሁ። በቅናት ነው እንዳትሉኝ። በቅናት ነው፤ ግን ምን እንዳየሁ ስሙ።

የመጀመሪያዋ ባለ ጥልፍ አጎታችንን ጋሽ በላይነህን እጃቸውን ይዛ አስገባች። ጋሽ በላይነህ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ግን የጨበጡትን እጅ አይለቁም። ጠፍታባቸው ስለነበረች አንዲት በቅሎ የሚያወሩት ታሪክ አላቸው፤ በቅሎዋ ትገኝ አትገኝ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አረቄ በቀመሱ ቁጥር ደግሞ ጭብጣቸው ይጠብቃል። ሴትዮዋ ቆማ ሰማች፣ ጎንበስ ብላ ሰማች፣ በመጨረሻ ተቀምጣ ሰማች። አንዷ ተበላች።

ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ በጉርሻ ሄዱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባል የለ? ሦስተኛውን ያጎረሰ ደግሞ ወንበር ይስብልሻል። እንግዳውን አስቀምጠው ዞር ሲሉ፣ ከዚያኛው ማዕድ «በሞቴ!»፣ ከዚህኛው ማዕድ «አፈር ስሆን!» ይሏቸዋል። የእኛ ሰው ፍቅሩ እንዲህ ነው፤ የሚወድሽን ሰው አፍሽን ሞልቶ ካላፈነሽ የወደደሽ አይመስለውም። ጉርሻ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ለእንግዳ ወንበር ፍለጋ የሄዱት ሴቶች ራሳቸው ወንበር ላይ ተገኙ። አራተኛዋን «ብርድ መታሽ፣ ደጅ ላይ ቆመሽ፣ አንዲት መለኪያ ብቻ!» ብለው ጠሯት። የመንዝ አረቄ አንዲት መለኪያ ብቻ የሚባል ነገር አያውቅም።

ደጁ ባዶ ሆነ። እኔ በቀዳዳው፣ እጅሽን አስለቅቂ፣ ተመለሺ እንጂ አንቺ ሴት! እያልኩ ስነጫነጭ፣ ወጥ የሚያወጡት ሴቶች ተያዩ። አንዷ፣ እትዬ ማንያህልሻል፣ ጋኑን ጠብቂ ነው የተባልሽው፣ ቅመሺ አልተባልሽም አለችኝ።

በዚህ መሀል የሙሽራው ወገን ከአገሩ ከራቤል ደረሰ።

ወጉን ለማያውቅ ላስረዳ። ሙሽራው ከነአጃቢው ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በር ይዘጋል። አናስገባም ይባላል፣ ይጨፈራል፣ በዘፈን ይሰደባል፤ ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ይገባሉ። ክልከላው የክብር ነው። ልጃችን ከመንገድ የተገኘች አይደለችም፣ እንሳሳላታለን ማለት ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ሙሽራ ምን ያህል እንደተከለከለ ነው ለልጅ ልጁ የሚያወራው።

እነዚህ በሁለት ሚኒባስ መጡ፣ ከበሮ እየመቱ፣ እያጨበጨቡ፣ ሊከለከሉ ተዘጋጅተው። ከደጃችን ደረሱ። ማንም የለም። ውስጥ ሞንታርቦው ይጮኻል፣ ሰው ይጎራረሳል፣ ጋሽ በላይነህ በቅሏቸውን ይፈልጋሉ። ሚዜው የሽቶውን ጠርሙስ እንደያዘ፣ ጣቱን እንደደገነ፣ የሚረጭበት ሰው አጥቶ ቆመ። ከበሮው ቀስ እያለ ሞተ። አንዱ፣ ቤቱን ተሳስተን ይሆን? ሲል በቀዳዳው ሰማሁት።

የሙሽራው አጎት አቶ እንግዳሸት የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ሙሽራውን ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። በከዘራቸው መሬቱን አንድ ጊዜ መቱና፣ ያልከለከለን በር አንገባም አሉ። ልጅቱን ለመሸኘት እንዲህ ከቸኮሉ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ዙሩ፣ ወደ መኪናችሁ!

ያን ጊዜ ወንድሜ ብቅ አለ። ምን ቢል ጥሩ ነው? እየሮጠ ሄዶ፣ ግቡ፣ ግቡ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ማን ከለከላችሁ! አላቸው። ማንም አልከለከለንም፣ ቅሬታችን እሱ ነው አሉት አቶ እንግዳሸት። ተፈራ ይበልጥ ለመነ፤ እሳቸው ይበልጥ ሸሹ። አራቱ ባለ ጥልፎች ደንግጠው ከየማዕዱ ተነሱና፣ ጉንጫቸው በጉርሻ እንደተወጠረ፣ እያኘኩ «አናስገባም» ለማለት ሞከሩ። የሚያኝክ ሰው ከለከለኝ ብሎ የሚያምን ማን ነው? አመለወርቅ ነጠላዋን ነክሳ መሀል ዳስ ቆመች። እህቷ ስልክ አውጥታ ትቀርጻለች።

ሳቄ መጣ፤ አልዋሽም። ይበላት ልል አፌን ስከፍት የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ትዕግሥት ናት። ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ በዚያ ጭስና ጥላሸት መሀል። ፊቷ ላይ የተቀባችው ሁሉ በእንባ መንገድ አውጥቷል። ከኋላዬ ዞራ የሽርጡን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። አልፈታ ሲላት በጥርሷ ያዘችው፤ ባዮሎጂ አስተማሪ፣ በቬሎ፣ የሽንኩርት ሽርጥ በጥርሷ! «እትዬ፣» አለችኝ፣ «ዛሬ ማንም ሳይሳሳልኝ ከዚህ ቤት ከወጣሁ፣ ዕድሜ ልኬን ነው እዚያ ቤት የሚነገረኝ። ነይ ከልክይልኝ።»

ቋጠሮው ተፈታ። እንዴት ከዳሱ እንደወጣሁ አላውቅም፤ አንድ ወንበር እንደገለበጥኩ ብቻ ኋላ ተነገረኝ።

አቶ እንግዳሸት አንድ እግራቸውን ሚኒባሱ ላይ ሰቅለዋል። ደጁ መሀል እጄን ዘርግቼ ቆምኩና፣ አቶ እንግዳሸት፣ ገና ሳልከለክልዎት ወዴት ይሄዳሉ? ብዬ ጮኽኩ። እግራቸው እንደተሰቀለ ቀረ። እኔ ቀጠልኩ። ይህች ልጅ ትምህርቷን ስታጠና ኩራዟን ያበራሁት እኔ ነኝ፣ እናንተ ምን አበራችሁ? ጓሳ ሜዳ ላይ እንደታጨደ ሣር ጭናችሁ የምትሄዷት መሰላችሁ? ሣሩም እኮ እንዳሻችሁ አይታጨድም፤ ወግ አለው፣ ጠባቂ አለው! ሙሽራችሁስ ይህ ነው? ቁመቱ ያለቀው በከረባቱ ነው? ሚዜዎቹስ፣ እነዚህ ሰዎች ሠርግ ነው የመጡት ወይስ የጠፋ በግ ፍለጋ?

የሽማግሌው ፊት በአንድ ጊዜ ፈካ። እግራቸውን ከሚኒባሱ አወረዱ። ከበሮው ነፍስ ዘራ። ሚዜው ያን ሁሉ ጊዜ የደገነውን ሽቶ በሙሉ እኔ ላይ ባዶ አደረገው፤ ሳምንቱን ሙሉ የገዛ ውሻዬ ሲጮኽብኝ ሰነበተ። ሁለት ጊዜ መለስኳቸው። በሁለተኛው አቶ እንግዳሸት ራሳቸው ከዘራቸውን መሬት አስቀምጠው፣ እመቤቴ፣ እባክሽ ብለው በደስታ ለመኑኝ። አሁን ገና ሰው ያለበት ቤት መጣን ብለው ለሙሽራው ሲናገሩ ሰው ሁሉ ሰማ። ትዕግሥትም ሰማች።

በሦስተኛው ለቀቅኋቸው። ሽማግሌውን እጃቸውን ይዤ አስገባሁ፣ ከላይ ወንበር አስቀመጥኳቸው፣ እጄን ለቅቄ ዞርኩ።

አመለወርቅ መንገዴ ላይ ቆማለች። በእጇ ጉርሻ ይዛለች፤ ጉርሻ አልኩ እንጂ የዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ የተጠቀለለበት፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ነገር ነው። ከኋላዋ ባዶ ወንበር ተስቦ ተዘጋጅቷል። ሞንታርቦው ዝም ብሏል። እቴዋ፣ እንግዲህ የቅድሙ ይቅር፣ ቤቱን ያዳንሽው አንቺ ነሽ፤ ደክሞሻል፣ ቁጭ በይና በሞቴ ይህችን ብቻ ጉረሺልኝ አለችኝ። ዓይኗ ላይ እውነተኛ እንባ አለ፣ መቼም አልክድም። ጋሽ በላይነህ እንኳ የያዙትን እጅ ለቀው ያዩናል። የእርቅ ጉርሻ እምቢ ማለት ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። የራቤል ሰዎች ሁሉ የእኔን አፍ ያያሉ።

እኔ ግን በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ደጁን አየሁ። የሁለቱ ሚኒባስ ሾፌሮች ቆመዋል። በዚያ ሁሉ ግርግር ማንም አላስታወሳቸውም፤ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ይግቡ አይግቡ ግራ ተጋብተው፣ አንደኛው ያልወደቀ ጋቢውን ያነሳል።

«እጅሽን መልሺው፣ አመለወርቅ፤» አልኳት፣ «ደጅ ሰው ቆሟል።»